አልጋ ስር የተኛው ዘንግ

«ያንተማ የቅንጦት መኪና ናት» ያለኝን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ጋምቤላ ከተማ፣ ማደያ በር ላይ፣ ሰልፍ በያዝኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ሰውዬው ወረቀት ይዞ ከመኪና መኪና ይዞራል። ለሕዝብ ማመላለሻ ቅድሚያ፣ ለመንግሥት መኪና ቅድሚያ፣ ለእርዳታ መኪና ቅድሚያ እያለ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ሃርድቶፔን ከላይ እስከ ታች ገረመማት፤ ከዚያ ያችን ቃል ተፋት። ቅንጦት! ወንበሯ በማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ፣ የግራ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ የነዳጅ ጌጇ ከሞተ ዘመን የሆነው መኪና! «ጌታዬ፣ ይቺ ቅንጦት ከሆነች ድህነትን ምን ብላችሁ ልትጠሯት ነው?» አልኩት። ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈኝ። እኔን ያንገበገበኝ ማለፉ ነው።

ዋጋ ሊጨምር ሲል እኛ ከዜናው ቀድመን እናውቃለን። ማደያው በድንገት «አልቋል» ይላል። ትናንት ማታ ቦቴ ሲገባ በዓይናችን አይተናል፤ ጠዋት አልቋል! ጭማሪው በተነገረ ማግስት ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ሞልቶ ይገኛል። በመሃሉ ያለውን ቀን የምንጨርሰው መንገድ ዳር ነው፤ ነዳጁ በውሃ ፕላስቲክ ተደርድሮ፣ ሻጩ ባሻው ዋጋ። ተራህ ደርሶ ማደያው ቢቀዳልህ እንኳ «በስልክ ካልከፈልክ አንቀበልም» ትባላለህ፤ ስልክህን ስታወጣ ኔትወርክ የለም። ከኋላህ ያለው ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋብሃል። ምን አባቴ ላድርግ? ልብረር?

ስሙኝማ፤ እኔ መኪና ያለኝ ለመንፈላሰስ አይደለም። የተወለድኩት ወሎ ነው፣ ያደግኩት ግን እዚሁ ክልል ውስጥ፣ ስም በሌለው መንደር ነው። መንደራችን ያለው ቁጥር ብቻ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጭነው እዚህ ሲያራግፉን፣ የሚያራግፉን ሰዎች ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበራቸውም። ወላጆቻችን ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ንብረት እፍኝ አይሞላም፤ ቅሬን ግን ይዘው መጡ። ቅሬ ማለት ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት፣ ታማሚውን የሚሸከምበት ማኅበር ነው። የቅሬው ትልቁ ንብረት ቃሬዛ ነበር፤ ሁለት ረጃጅም አጣና፣ መሃሉ በጠፍር የተጠለፈ። ሰው ሲታመም ወንዱ በተራ እየተቀባበለ እስከ ዋናው መንገድ ያደርሰዋል። በበጋ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በክረምት፣ ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አልለቅ ሲል፣ ግማሽ ቀን ይበላል።

ብዙ ዓመት ሾፌር ሆኜ የሠራሁበት ፕሮጀክት ሲዘጋ ይችን ሃርድቶፕ በጨረታ ወሰድኩ። ይዣት መንደር የገባሁ ዕለት ቄሱ ጠበል ረጯት፤ የቅሬው ዳኛ፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉት ሽማግሌ፣ ዱዓ አደረጉላት። እዚያው ቅሬው ተቀምጦ ወሰነ። ከእንግዲህ እኔ መቃብር አልቆፍርም፣ ድንኳን አልተክልም፣ ቃሬዛ አልሸከምም። የኔ ድርሻ መኪናዋ ናት፤ ሰው ታመመ በተባልኩ ጊዜ መድረስ ነው። «እፎይ፣ ትከሻችን ዐረፈ» አሉ ዳኛው። ቃሬዛው ተፈታ። ጠፍሩን አንዱ ለሞፈርና ቀንበር ማሠሪያ ወሰደው፣ አጣናዎቹ ለአንዱ የከብት በረት ማገር ሆኑ። ማንም አልቆጨውም፤ መኪና አለና!

ስንቱን አመላልሻለሁ። በወባ የሚንቀጠቀጠውን፣ እባብ የነደፈውን፣ ምጥ የጠናባትን። አንድም ቀን «ዛሬ አይመቸኝም» ብዬ አላውቅም። ይኼን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ኋላ የመጣው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ነዳጅ መጀመሪያ ሲጨምር ተሳደብኩ። ሁለተኛ ሲጨምር ተሳደብኩ። ሦስተኛው ላይ ስድቡ አለቀብኝና ቁጠባ ጀመርኩ። ፖርቶመጋላዋን፣ ያን የዕቃ መጫኛ ፍርግርግ ብረት፣ ከጣሪያዋ ላይ አወረድኩት፤ ክብደት ነው፣ ንፋስም ይይዛል ብለውኝ። እህቴ ግቢ ጣልኩት፤ እሷም በርበሬ ማስጫ አደረገችው። ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ማርሹን ፎሌ አድርጌ በነፃ መልቀቅ ሆነ ሥራዬ። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ መንዳት ጀመርኩ፣ ነዳጅ መስጫው ላይ እግሬ እንዳይከብድ። ጌጇ ስለማይሠራ ታንከሯ ውስጥ ሸምበቆ እየነከርኩ ነው የምለካው፤ ሸምበቆዋ ላይ በቢላዋ የቆረጥኳቸው ምልክቶች አሉ። ከከተማ መንደር ደርሶ መልስ አንድ ምልክት ይበላል። ጠዋት እነክራለሁ፣ ቀትር ላይ እነክራለሁ፣ መኪናዋ ቆማ ውላ እንኳ እነክራለሁ። ሰው አበደ ቢል አይፈረድበትም።

መንገደኛ መጫንም ተውኩ። ይኼንን ስናገር ፊቴ ይቀላል። በኛ አገር ባዶ ወንበር ይዞ መንገደኛ አልፎ የሚሄድ ሾፌር ሰው አይባልም። ዓሣዋን በሳህን ተሸክማ ገበያ የምትሄድ አንዲት አኙዋክ እናት ነበረች፤ ስንት ዓመት አድርሻታለሁ፣ ስትወርድ ሁሌ አማርኛዋን እየፈለገች ትመርቀኝ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ አይታኝ እጇን አነሳች። እኔ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ አለፍኳት። በስፖኪዮ ሳይ እጇን ገና አላወረደችም። የረሳኋት መስሏት ይሆናል።

ይኼ ሁሉ ሳይበቃኝ ነው እንግዲህ ያን ምክር የሰማሁት። ምክሩ የተገኘው ሰልፍ ላይ ነው፤ የሰልፍ ምክር ደግሞ እንደ ሰልፍ ቡና ነው፣ ጊዜ ለመግደል ትጠጣዋለህ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አትጠይቅም። የሃርድቶፕ ጉልበቷ አራቱም ጎማዋ መዞሩ ነው። ፎር ስታስገባ ሞተሩ በአንድ ረጅም የብረት ዘንግ በኩል ለፊት ጎማዎቹም ኃይል ይልካል፤ ከጭቃ የሚያወጣት እሱ ነው። ከኋላዬ የቆመው የፒክአፕ ሾፌር ታዲያ ምን ይለኛል? «የፊቱን ዘንግ አውልቀው። ሁለት ጎማ ብቻ ነው የምትመግበው።» ሁለት ጎማ ብቻ! ሦስት ቀን ሙሉ በፀሐይ ለተንቃቃ ሰው ይኼ ከወንጌል በላይ ነው።

መካኒኬ የጋምቤላ ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ የሚዘምር፣ ብረት ሲነካ የሕፃን ገላ የሚያጥብ የሚመስል ሰው። ዘንጉን አውልቅልኝ ስለው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ይኼ ትንሽ ነው የሚያተርፍህ። በጣም ትንሽ» አለኝ። «አንተ አውልቅ» አልኩት። «እሺ። አሁን መንገድ ደረቅ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ታመጣዋለህ፣ እኔ እገጥማለሁ። ቃል ስጠኝ፣ ወንድሜ።» ቃል ሰጠሁት። ዘንጉን በጆንያ ጠቅልዬ ከተማ በተከራየሁት ክፍል አልጋ ስር አስተኛሁት። ስነዳት የቀለለችኝ መሰለኝ፣ መሪዋን መታ መታ እያደረግኩም ሳቅኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ዝናቡ ጀመረ። «በሚቀጥለው ሳምንት አስገጥመዋለሁ» አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ጋራዥ ልግባ ካልኩ ተራዬ ይሄዳል። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። ለመንደሬ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ? የሰጣችሁኝን አደራ ግማሹን አውልቄ አልጋ ስር አስቀምጬዋለሁ ልበል?

ታናሽ እህቴ በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ የበላት ልጅ ናት፤ ሰርግ ቤት ስትገባ ሹክሹክታ፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሹክሹክታ። ቀኗ ሲቃረብ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ነዳጅ አለህ አይደል?» አለችኝ። «ለአንቺ አጥቼ!» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሸምበቆዋ ሁለት ምልክት ሙሉ ትረጥብ ነበር። የጎደለኝ ነዳጅ አልነበረም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ባሏ ደወለ። ምጡ ጠንቶባታል፣ የጤና ኬላዋ ልጅ ሆስፒታል ውሰዷት ብላለች። አምቡላንስ ጠይቀዋል፤ አምቡላንሱ አለ፣ ቆሟል፣ ነዳጅ የለውም! አምቡላንስ ነዳጅ የለውም ሲሉ አፋቸውን ሞልተው ነው የሚሉት፣ እንደ ምክንያት። እየተሳደብኩ ተነሳሁ። ልብሴን ስለብስ እግሬ አልጋ ስር ያለውን ጆንያ መታው። ሰማዩን በመስኮት አየሁት፤ ጠርቷል። መካኒኬን ቀስቅሼ ላስገጥም ብል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሄድኩ።

መንደር ስገባ መንገዱ እርጥብ ቢሆንም ጎማ ይይዝ ነበር። እህቴን ደጋግፈው ከኋላ አስተኟት፣ አንዲት ባልቴት ጎረቤቷ ራሷን ታፋቸው ላይ አደረጉት፣ ባሏ ከጎኔ ተቀመጠ። ያ የጠራ ሰማይ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ጠቆረ፤ ከመንደሩ ሳንወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሊጥ ነው። ረባዳው ጋ ስንደርስ የኋላ ጎማዎቿ መሽከርከር ጀመሩ። አፈሩን ወደ ላይ እየረጩ ወደ ታች ሰመጡ።

«ፎር አስገባ!» አለ ባሏ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያችን ማርሽ ያውቃታል፤ ሕፃናት እንኳ ሲጫወቱ «ፎር አስገባ» ይባባላሉ። እጄን ማርሿ ላይ አድርጌ ሳብኩት። አዎ፣ ሳብኩት! ምንም እንደማያመጣ እያወቅኩ፣ እህቴ ከኋላዬ እያቃሰተች፣ ሰው ፊት ቲያትር ሠራሁ። ባሏ ወርዶ ከፊት ለፊት ቆፈረ። ከቁፋሮው ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። «የፊቱ ለምን አይዞርም?» አለ። «ተበላሽቷል» አልኩት።

ሰው ተጠራ። ወንዱ ካለበት እየሮጠ መጣ፤ ቢገፉ፣ ቅርንጫፍ ቢያነጥፉ፣ ቢጎትቱ አልነቃነቅ አለች። ያኔ ዳኛው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በዝናብ የመጡት ሽማግሌ፣ «በቃ! ቃሬዛ!» አሉ። የትኛው ቃሬዛ? አንዱ ሮጦ ከበረቱ ሁለቱን አጣና ነቅሎ መጣ። ሌላው ከእህቴ ግቢ ፖርቶመጋላውን ተሸክሞ መጣ፤ የበርበሬው ፍሬ እዚህም እዚያም ተጣብቆበታል። አስረው፣ ፍራሽ ጥለው፣ በላስቲክ ሸፍነው አነሷት።

አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ሃያ እርምጃ አልሄድኩም። ሸካሚዎች እርምጃቸው አንድ ነው፤ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፣ ሲቀባበሉ ሳያስቀምጡ፣ ሳይነጋገሩ። እኔ ስንት ዓመት በመኪና እያመካኘሁ ይኼን አልተማርኩትም። እግሬ ተደናገረ፣ ቃሬዛው ዘመመ፣ እህቴ ጮኸች። «ውጣ አንተ፣ ታናውጣታለህ!» አሉኝ ዳኛው። ሌላ ሰው ገባ። እኔ የእህቴን የላስቲክ ጫማ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ፣ በባዶ እግሬ።

ዋናው መንገድ ስንደርስ ቀትር አልፏል። በቆሎ የጫነ መኪና አገኘን፤ ሾፌሩ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ጋቢናውን ለቀቀልን። ሆስፒታል ገባች። እሷ ተረፈች። ልጅቷ፣ ሴት ነበረች፣ አልተረፈችም። ነርሷ ስትወጣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለች። ትንሽ! መካኒኬም «ትንሽ ነው የሚያተርፍህ» ብሎኝ ነበር። ያችን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ የተሳደብኩት እኔ ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል። አምቡላንሱን ሰደብኩ፣ ማደያውን ሰደብኩ፣ ያን ወረቀት የያዘ ሰውዬ ሰደብኩ፣ ዋጋ የሚቆልሉትን ሰደብኩ። ሰውም አብሮኝ ሰደበ፤ «እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ» አለልኝ። ደግሞም እውነቴን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አንዷንም ስድብ አልመልስም። ግን ያን ሁሉ ጩኸት የጮኽኩት ማንም የመኪናዋን ሆድ ጎንበስ ብሎ እንዳያይ ነበር። ዘንጉን ከአልጋ ስር አውጥቼ ለመካኒኩ ስወስድለት ምንም አልጠየቀኝም። ወሬው ደርሶታል። እያንዳንዱን ብሎን ሁለት ሁለቴ አጠበቀና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅሬው ተሰበሰበ። ዳኛው ዋርካው ስር ቆመው «መኪናዋን አልተቀየምናትም፣ ግን ሁለተኛ ትከሻችንን አናሳርፍም» አሉ። ፖርቶመጋላው ከአጣናዎቹ ጋር ታስሮ እንዲቀር ተወሰነ፤ እኔም ከሌላው እኩል ተራ እንድገባ፣ መቃብር እንድቆፍር፣ እርምጃውን እንድማር። እርምጃውን ያስተማረኝ የእህቴ ባል ነው። አፈር የሞላ ጆንያ ቃሬዛው ላይ ጭነን በእርሻው ዳር ስንመላለስ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላነሳብኝም። የፊት ጎማዎቹን አየት አድርጎ ብቻ ያልፋል፤ አሁን ይዞራሉ።

ያን ሁሉ ጊዜ እህቴ ልታጽናናኝ ትሞክር ነበር። እኔን! «የመኪና ነገር፣ ብረት ነው፣ ይበላሻል፤ አንተ ምን ታደርግ ወንድም ጋሼ» ትለኛለች። በመጣሁ ቁጥር ትለኛለች። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ግቢዋ ገባሁ። ማስጫዋን ቃሬዛ ወስዶባት በርበሬዋን ሰሌን ላይ ዘርግታ ትለቅማለች። ያችኑ ቃል ደገመችልኝ። አልቻልኩም።

«አልተበላሸም ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያወለቅኩት። ለነዳጅ ብዬ። ዘንጉ ከተማ አልጋዬ ስር ነበር።»

እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትጮህ ፈልጌ ነበር፣ በዚያ ሰሌን እንድትመታኝ። አልጮኸችም። ቀና ብላ፣ ከገበያ ስለገዛሁት ዕቃ የምትጠይቅ ይመስል፣ የምሯን ጠየቀችኝ።

«ስንት ተረፈህ?»

ለክቼው ነበር። ዘንጉ ከተገጠመ በኋላ ያንኑ መንገድ ሄጄ፣ ያችኑ ሸምበቆ ነክሬ አውጥቼ፣ ፀሐይ ላይ ይዤ አይቻታለሁ። የረጠበው እዚያው ምልክት ድረስ ነው፤ ፀጉር ታህል ልዩነት የላትም።

«ምንም» አልኳት።